የአብዱልባሲጥ ኪኒን

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ጻፍ ስላለኝ ነው የምጽፈው። «ሲጋራ በለኮሱ ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን ያስፍሩ፤ ኪኒኑን ከመጀመርዎ በፊት ጠባይዎን እንወቀው» አለኝ። እሺ። ዛሬ ጠዋት አጨስኩ፤ ምክንያት፦ ክሊኒክ ልሄድ ነው። ቀትር ላይ አጨስኩ፤ ምክንያት፦ ከክሊኒክ ወጣሁ።

ጎትታ የወሰደችኝ ባለቤቴ ሰአዳ ናት። ልጃችን ኢልሀም አስም አለባት። በዚህ በጋ ከከተማው ዳር ሣሩን ማቃጠል ከጀመሩ ወዲህ ደረቷ ሲር ሲር እያለ ነው የሚያድረው። ትናንት ሰአዳ ቁርጡን ነገረችኝ። «የሣሩን ጭስ ማስቆም አልችልም፤ ያንተን ግን እችላለሁ። እስከ ዒድ ካልተውክ እኔና ልጄ መቲ እናቴ ቤት ነን» አለች። መቲ ከጋምቤላ ከፍ ያለ አገር ነው፣ አየሩ ለአስም ጥሩ ነው፤ እናቷ ደግሞ እኔን ድሮም አትወደኝ። ሰአዳ እሄዳለሁ ካለች ትሄዳለች።

ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አብዱልባሲጥ እንኳ ተወ!» እሱን እዚህ ውስጥ ምን አመጣው?

ሐኪሙ ዶክተር ኦኬሎ ይባላል። እዚሁ ጋምቤላ ተወልዶ ያደገ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ስለ ኪኒኑ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ማጨሱን ሳላቆም እጀምረዋለሁ፤ ሳምንት ሲሞላኝ ቀን ቆርጬ ሲጋራውን እተዋለሁ፤ ኪኒኑን ግን ሁለት ሦስት ወር እቀጥላለሁ። አምሮቱን ያበርዳል እንጂ አስማት አይደለም አለ። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ለሁሉም ሰው ደግሞ አይታዘዝም። እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ራስዎን ስተው ወድቀው ያውቃሉ? የሚጥል በሽታ፣ በልጅነትም ቢሆን?»

ሰአዳ አጠገቤ ናት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

«ኧረ የለም» አልኩ።

«አንድ ጊዜም?»

«ወላሂ አንድ ጊዜም።»

በአላህ ስም ማልኩ። አስተግፊሩላህ።

ለሐኪሙ የማሳየው ሰዓቱንና ምክንያቱን ብቻ ስለሆነ እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ልጅ ሆኜ እወድቅ ነበር። መቲ ቁርአን ቤት ውስጥ፣ ገበያ መሃል፣ የትም። ሰው ተሯሩጦ ክብሪት ይጭርና ጭሱን አፍንጫዬ ስር ይይዝልኛል። ስነቃ መጀመሪያ የማውቀው ያንን ሽታ ነው። «ጭሱ ነው የሚመልሰው» ይሉ ነበር ትልልቆቹ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ሲጋራ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔ ሲጋራን የያዝኩት እንደ ጠባቂ ነው። አሁን ብተወውና ያ ነገር ቢመለስስ? ለሰአዳ ነግሬያት አላውቅም። የሚጥል ያለበትን ማን ያገባል? የአባቷ ነገር ከተሰማስ ነገ ኢልሀምን ማን ያገባታል?


ጥር 21

ጠዋት፣ ሱቅ ስከፍት። ምክንያት፦ ልማድ።

አራት ሰዓት። ምክንያት፦ ሙቀት።

ስምንት ሰዓት። አሥር ሰዓት። አሥራ አንድ ሰዓት። ምክንያት፦ አብዱልባሲጥ።


ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ ይሄን ሲያይ «አብዱልባሲጥ ማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ልጻፍ።

ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እኔ ፍራሽና አጎበር እሸጣለሁ፣ እሱ ጫማ። መቲ አብረን አደግን፣ አንድ ኡስታዝ ጋ ቁርአን ቀራን፣ ተከታትለን ጋምቤላ ወረድን። ስወድቅ አይቶኛል፤ ግን ልጆች ነበርን፣ ረስቶታል። አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። ከኔ በፊት እነሰአዳ ቤት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እምቢ ተባለ። እኔ በላክሁ ጊዜ እሺ ተባለ። እኔም ይሄን አንስቼበት አላውቅም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም።

አብረን ነበር የምናጨሰው፣ ከሱቆቹ ጀርባ ማንጎው ስር፣ ሲጋራ እየተበዳደርን። ባለፈው ክረምት ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ወጣና ይሄ ኪኒን ታዞለት መጣ። በሁለት ሳምንት ተወ። በሁለት ሳምንት! አሁን ጠዋት ጠዋት በባሮ ዳር ይሮጣል። በዚህ ሙቀት መሮጥ የጤና ነው? ጥርሱ ነጣ፣ ፊቱ ሞላ፣ ደንበኛው በዛ። ከመስጊድ ስንወጣ ሰዉ ሁሉ «ማሻአላህ» ይለዋል። ስላላጨሰ የሚመሰገን ሰው እሱን ነው ያየሁት። እኔስ አጨስኩ እንጂ ሰው ገደልኩ?

ዛሬ እራት ላይ ሰአዳ «ሽታው ራሱ ተለውጧል እኮ» አለች።

«የማን?»

«የአብዱልባሲጥ ነዋ።»

የሰው ሽታ የሚለየው ምን ያህል ሲጠጉት ነው? ይሄን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። አሁን አጎበር ስር ሆኜ እሱን ነው የማስበው። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ግቢ ወጥቼ አጨስኩ።


ጥር 28፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የመጡ የእርዳታ ሠራተኞች ፍራሽ ሊያዩ ገብተው አንዷ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ዕቃው ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል አለች፣ በእንግሊዝኛ፤ የገባኝ አልመሰላትም። ብቅ ስል አብዱልባሲጥ ወንበር አውጥቶላቸው ውኃ ይጋብዛል። ጫማ ሻጭ እኮ ነው!


የካቲት 2፣ እሑድ

ኪኒኑ ከተማው ውስጥ የለም። ፋርማሲ የምትሠራው አጅዋንግ ከአዲስ አበባ ልታስመጣልኝ ማዘዣውን ተቀበለችኝ። ሲጋራ ልተው መሆኔን ስታውቅ ሳቋን ለቀቀችው። «ጋሽ ሳኒ፣ የኔ አያት እስከ ዛሬ በቅል ጋያ ታጨሳለች። ኪኒን ዋጪ ብትላት በጋያው ነው የምትመታህ።» ከዚያ ሳቋን ትታ፦ «ይሄ ግን ከረሜላ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አይወስድም። አንተ ጋ የለም፣ አይደል?»

ሰዎቹ ሌላ ጥያቄ የላቸውም እንዴ? «የለም» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

ሱቅ ስመለስ አብዱልባሲጥ ደጄ ቆሞ ጠበቀኝ። «ኪኒኑን ልትጀምር ነው አሉ።»

አሉ! ማን አለ? አጅዋንግ ገና አሁን ነው የሰማችው፤ ከሰአዳ በቀር የሚያውቅ የለም። «ምነው፣ ከፋህ?» አልኩት።

ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳኒ፣ እሱ ላንተ አይሆንም። በሌላ መንገድ ሞክረው።»

ለሱ የሆነው ለኔ የማይሆነው ለምንድን ነው? የሱ ሳንባ ወርቅ፣ የኔ ቆርቆሮ ነው? አንድ ጊዜ «ያንን አስታውሶ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ኧረ አይደለም። ቅናት ነው። የተወ ሰው እሱ ብቻ ሆኖ እንዲኖር፣ ማሻአላህ የሚባለው እሱ ብቻ እንዲሆን ይፈልጋል። ቀናተኛ ሰው አልወድም።


የካቲት 7፣ ዓርብ

ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ ሰአዳ ከአብዱልባሲጥ ሱቅ ስትወጣ አየኋት። በእጇ ምንም የለም። ጫማ ሊገዛ የገባ ሰው ጫማ ይዞ ይወጣል።

«ለኢልሀም ጫማ ላይ ብዬ ነው» አለች።

ኢልሀም ያለፈው ወር የተገዛላት ጫማ አላት።

ከዚያ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። ለሶላት ውዱዕ ልታደርግ ስትወጣ ቦርሳዋን ከፈትኩ። የኢልሀም የአስም መንፊያ፣ መሐረብ፣ የቤት ቁልፍ፣ ክብሪት። ክብሪት! የማታጨስ ሴት፣ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከቁልፏ አጠገብ። ከሰል የምናያይዝበት ክብሪት ኩሽና ነው ያለው። አሁን ገባኝ፤ አብዱልባሲጥ ተወ የተባለው ለሰው ዓይን ነው፣ ተደብቆ ያጨሳል፤ የምትለኩስለት ደግሞ እሷ ናት። ስጽፈው ሞኝነት ይመስላል። ይመስላል እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ዘጠኝ አጨስኩ። ምክንያት አልጽፍም።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው፤ እንቅልፍ እንደሆነ እምቢ ብሏል።

ክሊኒክ ጎትታ የወሰደችኝ ሴት፣ ተው ካልሆነ እሄዳለሁ ያለች ሴት፣ ዛሬ ከመሬት ተነስታ «ኪኒኑ ይቅርብህ» አለች። እራት አንስተን፣ ኢልሀም ተኝታ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን።

«ምን ይቅርብኝ?»

«ኪኒኑ። ሲጋራውን ቀስ በቀስ ብትቀንስ ይሻላል። እኔም አግዝሃለሁ፤ እስከ ዒድ ያልኩትንም ትቼዋለሁ።»

«ማን ምን አለሽ?»

ዝም።

«አብዱልባሲጥ ነው?»

«ጠየቅኩት፣ አዎ። ስለ መድኃኒቱ ነው የጠየቅኩት። ራሱን ሰውነቱን ምን እንዳደረገው፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ…»

«ስለሱ ሰውነት ምን አገባሽ?»

ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ ኢልሀም ተገላበጠች። ሰአዳ ተነስታ አንሶላዋን አስተካከለችላት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ደግሞ አጥሬ ሲነቀነቅ እየሰማሁ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ።

ቆይታ፣ ጎን ለጎን ተጋድመን፣ በጨለማው «ሳኒ» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ጋ ደግመን እንሂድ። የምትነግረው ነገር ካለ ንገረው። እኔ ካስቸገርኩህ ውጭ እጠብቅሃለሁ።»

ውጭ! ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ የት ልትሄድ ነው? የክሊኒኩ ደጅ ከሱቆቻችን ሩቅ አይደለም። «የምነግረው የለኝም» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስታለቅስ የሰማሁ መሰለኝ። እንድጠይቃት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ሚስት ስታለቅስ ፊት ማዞር የአባቴ ጠባይ አልነበረም።


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ኪኒኑ መጣ። አጅዋንግ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ፦ መጀመሪያ በቀን አንድ። ቀጥሎ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ፣ በመሃል ቢያንስ ስምንት ሰዓት። «ከዚህ አትለፍ» አለች፣ ጣቷን አንስታ፣ እንደ ልጅ።

የመጀመሪያውን አብዱልባሲጥ እያየ፣ ደጄ ላይ ቆሜ ዋጥኩት። አንገቱን ነቀነቀና ወደ ሱቁ ገባ። ይነቅንቅ።


የካቲት 21፣ ዓርብ

ነገ ረመዳን ነው። ሐኪሙ ሳምንት ቆይ ብሎ ነበር፤ እኔ ሦስት አራት ቀን ይበቃኛል። እሱ በሁለት ሳምንት፣ እኔ በአራት ቀን! ማንጎው ስር ብቻዬን ቆሜ የመጨረሻዋን አጨስኩ። ፍሬው ገና ጥሬ ነው። አምና በዚህ ጊዜ ሁለት ነበርን፤ እየሳቅን ነበር፣ በምን እንደሆነ ረሳሁት።

ፈራሁ ልበል? ፈርቻለሁ። ያለ ጭስ ያደርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያ ነገር ቢመጣስ?


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

አልመጣም! አላጨስኩም! ቢስሚላህ ብዬ በተምርና በውኃ አፈጥራለሁ፣ አምሮቱ ትንሽ ይነካካኛል፣ ከዚያ ይተወኛል። ኪኒኑን ቀን መዋጥ ስለማይቻል አንዱን ማታ ለፍጥር፣ አንዱን ከንጋት በፊት ለስሁር አድርጌዋለሁ። እንቅልፍ ግን የለም። አጎበሩ ስር ዓይኔን አፍጥጬ የውሻ ጩኸት እሰማለሁ።

ትናንት ሌሊት ስሁር አመለጠኝ። ስለዚህ ዛሬ ለፍጥር ሁለቱን አንድ ላይ ዋጥኩ። ወላሂ ሲጋራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። መጀመሪያውኑስ ስምንት ሰዓት ምን ያደርጋል?

የማታውን የተራዊሕ ሶላት ጨርሰን ስንወጣ ባጃጅ ነጂው ጃል «ጋሽ ሳኒ፣ አንተም ተውክ አሉ፤ ጎበዝ!» አለኝ በአብዱልባሲጥ ፊት። ጃል የመካነ ኢየሱስ ሰው ነው፣ ማሻአላህ አይልም፤ ጎበዝ ይበቃኛል።


የካቲት 28፣ ዓርብ

እጄ ይንቀጠቀጣል። አፌ ደርቋል፤ ጾሙ ነው። ለፍጥር ሁለት፣ ለስሁር አንድ። ሦስት። ለሰአዳ አልነገርኳትም።

ዓስር ከሰገድኩ በኋላ ፍራሾቹ ኋላ ጋደም እንዳልኩ ሰአዳ መጣች። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ታግዘኛለች። የሌለሁ መስሏት ስልክ ደወለች። እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፦

«አንተ ንገረው። እኔን አይሰማኝም። ሌሊት ሌሊት አያለሁ እኮ፣ አይተኛም… እኔ ፈራሁ፣ አብዱልባሲጥ።»

ምኑን ነው የሚነግረኝ? ሚስትህን ልወስድብህ ነው ብሎ? እሷ እስክትወጣ ፍራሽ ነክሼ ተኛሁ። የአርባ ዓመት ሰው፣ ጾመኛ፣ ስፖንጅ ነክሼ።


የካቲት 30፣ እሑድ

መጣ። ሊነግረኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ «ወንድሜ» ብሎ ጀመረ። ወንድሜ!

«ኪኒኑን አቁመው። ለምን እንደምልህ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ለምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። ከሱቄ ውጣ!»

«ሳኒ፣ ስማኝ…»

«ውጣ አልኩህ!»

ሰው ተሰበሰበ። በረመዳን፣ ከጎረቤት ጋር፣ እንደ ሰካራም። ሁለት ሌሊት አንድ ደቂቃ አልተኛሁም። ነገ ለሰአዳ የፍቺውን ቃል እላታለሁ። ያለ ሲጋራም ያለ ሚስትም መኖር ይቻላል፤ ኢልሀም ግን ከኔ ጋ ነው የምትቀረው።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ጽሑፌ ቢጣመም ትከሻዬን ስለተመታሁ ነው፤ ምላሴንም ነክሻለሁ።

ሰኞ ለሰአዳ ልላት ያልኩት ከአፌ አልወጣም፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ወደቅኩ። እኔ የማውቀው አጎበር ከላይ ለማውረድ እጄን እንዳነሳሁ ነው። ከዚያ ሰማዩ የባጃጅ ጣሪያ ሆኖ አገኘሁት። የቀረውን የነገረኝ ክሊኒክ ያደረሰኝ ጃል ነው። ዛሬ ሊጠይቀኝ ብርቱካን ይዞ መጣ፤ ሁሉንም ንገረኝ ብዬ ያዝኩት።

«እኔ ደጅ ነበርኩ» አለ። «ድምፅ ሰማሁ፣ ገባሁ። አንተ መሬት ላይ ነህ፣ ሰውነትህ ይመታል። እኔ ደነገጥኩ። ሚስትህ አልደነገጠችም። ቶሎ ቦርሳ ከፈተች፣ ክብሪት አወጣች፣ ጫረች፣ አፍንጫህ ጋ ያዘች። በጣም ፈጣን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አብዱልባሲጥ እየሮጠ መጣ። እሱም አልደነገጠም። እንዲህ አለ፦ “ተመለሰበት፣ አይደል?” እሷ፦ “አዎ፣ ተመለሰበት።” ከዚያ ሁለቱ ተሸከሙህ።» ጃል ብርቱካኑን እያዟዟረ አየኝ። «ጋሽ ሳኒ፣ ምንድን ነው የተመለሰው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የደበቅኩትን ጎረቤቴ ያውቃል፣ ሚስቴ ታውቃለች፣ እርስ በርሳቸውም ይነጋገሩበታል። የማላውቀው መታወቁን ብቻ ነበር። ያንን ክብሪት ለኔ ነው ይዛው የምትዞረው። ከመቼ ጀምሮ? ማመስገን እንዳለብኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ጃል እንደወጣ ያሰብኩት ሌላ ነው፦ እነሱ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። የኔ ምስጢር የኔና የሷ መሆን ሲገባው የሱና የሷ ነበር። አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ምላሴ አብጦ፣ በዚህ እቀናለሁ። ሰው አልሆንም።


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ዶክተር ኦኬሎ ጋ ሄድን። ሰአዳ በሩ ላይ ቆማ «ልውጣ?» አለችኝ። «ቁጭ በይ» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኩት። ቁርአን ቤቱን፣ ገበያውን፣ ሦስት ሦስት መዋጤን። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጦ «አቶ ሳኒ፣ ይሄን ቢነግሩኝ ኖሮ ይሄን መድኃኒት አላዝልዎትም ነበር» አለ። «ጤነኛ ሰውም ሦስት ቢውጥ ሊወድቅ ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ታሪኩ አለብዎት፣ እንቅልፍም አልነበረዎትም።» ኪኒኑን ዳግም እንዳልነካ፣ ጾሙን ለጊዜው እንዳቆም፣ ለጭንቅላቴም ምርመራ እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ።

«ሲጋራውን ስተው ነው የመጣብኝ» አልኩ። «ጭሱ ነበር የሚጠብቀኝ።»

«ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል። እርስዎንም ያኔ ተዎት፤ ምስጋናውን ሲጋራው ወሰደው።» ከዚያ ወደ ሰአዳ ዞረ። «ክብሪቱም አይጠቅምም፣ እመቤት። በጎኑ አስተኝተው፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ፣ አጠገቡ መቆየት ነው።»

ሰአዳ ፊቷ ቀላ። ክብሪቷን የነጠቃት መሰለኝና ሐኪሙ ላይ ተናደድኩ።

ሌላ መድኃኒት ጠየቅኩ። አለ፣ እዚህ ግን አይገኝም አለ፤ ለአዲስ አበባ ሐኪም ሊጽፍልኝ ቃል ገባ። እስከዚያ በየሳምንቱ እየመጣሁ አወራዋለሁ። አምሮቱ ሲመጣ ብዙ አይቆይም፣ ሰው ፈልገህ አውራ ነው ያለኝ። ማንን?

ስንወጣ «ለምን አልነገርሽውም ያኔ?» አልኳት።

«ባሌን ሰው ፊት ውሸታም ላድርገው?» አለች። ትንሽ ሄደን ደግሞ «መናገር ነበረብኝ» አለች። እጇን ያዝኩ። በጋምቤላ ገበያ መሃል እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንሄድ ያየን ሰው ምን እንዳለ አላህ ይወቅ።


መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሁለት አጨስኩ። ሸሽቼ። ሰአዳ አፍንጫ አላት፣ አውቃለች፤ መስኮቱን ብቻ ከፈተችው።

ሦስተኛውን ልለኩስ ማንጎው ስር ስሄድ አብዱልባሲጥ ከኋላዬ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር። አጠገቤ ቆመና «እኔም ያምረኛል» አለ። «በየቀኑ። የምሮጠው ለጤና ይመስልሃል? ከዚህ ዛፍ ለመራቅ ነው።»

ስለ ጫማ ዋጋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለሞተው ኡስታዛችን አወራን። እስክንጨርስ አምሮቱ አለፈ። ደስ አላለኝም፤ የረዳኝ እሱ በመሆኑ። ሲጋራዋን ግን ሰበርኳት።


መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ዒድ

ከዚያች ዓርብ ወዲህ አላጨስኩም። መቲ የሄደ የለም። ሻንጣዋ ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ጭሱን አጥቦታል፤ ኢልሀም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ደረቷ አይሰማም።

አብዱልባሲጥ ሚስቱን ነጅሚያን ይዞ መጣ። ተቃቀፍን። በላን፣ ሳቅን፣ ስለ ኪኒኑ ቀለድን። ሰአዳ ሥጋውን ስትጨምርለት እጇን አየሁ፣ ከዚያ ዓይኑን አየሁ። ምንም የለም። ምንም እንደሌለ እያወቅኩ አየሁ።

ሲሄዱ ቅናቱ አብሯቸው አልሄደም። ሰአዳ ሳህን ስትሰበስብ ጠየቅኳት።

«የነገረሽ እሱ ነው፣ አይደል? ስለ መውደቄ።»

«እሱ ነው።»

«መቼ?»

«ሽማግሌዎችህ ሲመጡ። የአክስቴ ቤት ደጅ ጠብቆ ነገረኝ። እምቢ እንድልህ።»

አሥራ ሁለት ዓመት! እሱ ላይ መናደድ ነበረብኝ። የጠየቅኩት ግን ሌላ ነው። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን አገባሽኝ? እሱ ጤነኛ ነበር።»

ሳህኖቹን ደርድራ ጨረሰች። «እየሳቀ ነው የነገረኝ» አለች። «እንዴት እንደምትወድቅ በሰውነቱ አሳየኝ፣ እጁን እያንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን እየገለበጠ። የጎረምሳ ነገር ይሆናል፤ ዛሬ እንደዚያ አይደለም፤ ስትወድቅ ተሸክሞህ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ሳቀ። እኔ አንድ ቀን ብታመም ይሄ ሰው ማንን ነው የሚያስቀው አልኩ። ማታውን ለአባቴ እሺ በለው ብዬ ላክሁ።»

ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ይሄ የኔ ሆድ አያርፍም። ስወድቅ እኔ ራሴን አይቼ አላውቅም፤ እሷ መጀመሪያ ያየችው እሱ ላይ ነው።

«እስቲ እንዴት አድርጎ ነው ያሳየሽ?» አልኳት።

«አላሳይህም» አለችና ሳህኖቹን ይዛ ወጣች።